የጃንጥላ ጠጋኟ ሥዕል ባለቤት

በአንድ ወቅት፣ ግንቦት አሥራ ሰባት ቀን፣ ለድሬዳዋ አዲስ የአውቶቡስ መናኸሪያ ግድግዳ ከተወዳደሩ ሃያ ሦስት ዲጂታል ሥዕሎች አንዱ አሸነፈ። የሠሩት ሦስት ናቸው፤ ሁለት ወንድማማቾችና እህታቸው። በውድድሩ ደንብ ግን ከሥዕሉ ሥር የሚጻፈው ስም አንድ ብቻ ነው።

ጥያቄው አጭር ነበር። የገበያ ሕዝብ ይሣል፤ ከሕዝቡ አንድ ሰው ይመረጥ፤ ሻንጣ ተሸክሞ የሚያልፍ መንገደኛ ያንን ሰው በአምስት ሰከንድ ያግኘው።

ሦስቱ ቀፊራ ገበያ የምትቀመጥ አንዲት ጃንጥላ ጠጋኝ መረጡ። ኮምፒውተራቸውም በብዕር የሚሣልበት ታብሌትም አንድ አንድ ስለሆነ በተራ ያዙት። ሁሉም በየራሱ ሌየር ላይ ይሠራ ነበር፤ ሌየር ማለት በሥዕል ላይ እንደሚነጠፍ ብርሃን አሳላፊ ስስ ወረቀት ነው፤ የታችኛው ሳይነካ ይሠራበታል፣ ሲፈለግም ይዘጋል፤ ሲዘጋ በላዩ የተሣለው አይታይም።

ታላቁ ነጂብ መጀመሪያ ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰዎችን ሣለ፤ ጠጋኟን ጭምር። ከዚያ አዲስ ሌየር አንጥፎ ገበያውን በሸራ ጥላ አጨለመውና ከሸራው ቀዳዳ አንድ የፀሐይ ጨረር በሴትዮዋ ላይ ጣለ። «ዓይን ወደ ብርሃን ነው የሚሄደው» አለ።

እህታቸው ሐምዲያ ተከተለች። ሰባት ዓመት ሙሉ በቤተሰቡ ሱቅ የሠርግ ጥሪ ካርድ ሥላለች፤ በአንዱም ላይ ስሟ የለም። የሸራውን ገመዶች አዘነበለች፣ የታጠፉ ጃንጥላዎችን ጫፍ አዞረች፣ የአንዲት አህያ አንገት ጎተተች፣ የአሥራ ስምንት ሸማቾችን ዓይን መለሰች። ሁሉም ወደ ጠጋኟ እጅ ያመለክት ጀመር። አንድም ሰው ግን ሆን ተብሎ የተደረገ አይመስለውም።

ታናሹ ረሻድ ምንም አልጨመረም፤ ቀነሰ። የዳር ሰዎችን ፊት አደበዘዘ፣ የገበያውን ቀለም ወደ አቧራ መለሰ፣ ለቲማቲሙ ቀይ እንኳ አልራራም። የተወው የሴትዮዋን ቢጫ ሻሽ ብቻ ነው።

«ምነው ገበያው ገረጣ? ምሳ አልበላም እንዴ?» አለችው ሐምዲያ።

«አቦ ቆይ። አሁን ዓይንሽ የት ነው ያለው?»

«ሻሿ ላይ።»

«በቃ።»

በውድድሩ ዕለት ዳኞቹ አርባ መንገደኞችን አንድ በአንድ አስገቡ። ሥዕሉ አምስት ሰከንድ እየታየ ተሸፈነ። «ማንን አየህ?» ሲባሉ ሠላሳ ሰባቱ ጠጋኟን አሉ። ሁለተኛ የወጣው ሥዕል ያገኘው ሃያ አንድ ነው። ከሠላሳ ሰባቱ መካከል አንድ ሹፌር «ሴትዮዋንማ አውቃታለሁ፤ ጃንጥላዬን ገና አልመለሰችልኝም» ብሎ አዳራሹን አሳቀው። ሰፈሩ በአሥራ አንድ ባጃጅ ጥሩንባ እየነፋ ሦስቱን እስከ ቤታቸው ሸኛቸው። ሐምዲያ የተሳፈረችበት ባጃጅ ከፊት ነበር።

ዋናዋ ዳኛ ወይዘሮ ዘኪያ ግን «ልጆቼ፣ እስከ ዓርብ አንድ ስም አምጡልኝ» ብለዋቸው ነበር። «በነሐስ የሚቀረጽ ነው። የሚቀጥለውን ግድግዳ የሚሥለውም ባለስሙ ነው።»

«ሰዎቹን ማን ሣላቸው?» አለ ነጂብ።

«ሁለት መቶ አሥራ አራቱንም አንተ። ከዚያ ሁሉ አንዷ እንድትታይ ያደረግኩት እኔ» አለች ሐምዲያ።

«እናንተ ስትቆልሉ እኔ ባላጠፋ ኖሮ ማን ይለያት ነበር?» አለ ረሻድ።

«ላጲስ ሽልማት ሲጠይቅ ዛሬ ገና አየሁ» አለ ነጂብ።

አልተስማሙም። ዓርብ ወይዘሮ ዘኪያን ራሳቸውን ጠየቋቸው። «እኔን የያዘኝ ብርሃኑ ነው። ሴትዮዋ ላይ ሲያርፍ ሌላ ማየት አልቻልኩም» አሉ። ሐምዲያ አልተከራከረችም። የዳኛ ቃል ማስረጃ ነው ብላ ተቀበለች። የነጂብ ስም ተቀረጸ፤ ስምንት ሜትር የሚረዝመው ሥዕልም ተሰቀለ። መንገደኛ ሁሉ ሻንጣውን አስቀምጦ ጠጋኟን ያይ ጀመር።

ሰኔ ስድስት ቀን ሐምዲያ ከሥዕሉ ፖስትካርድ ልታዘጋጅ ለዳኞች የተላከውን ፋይል ከፈተች። የነጂብ የጥላና የብርሃን ሌየር ዝግ ነበር። ረሻድ ቀለሙን ለማመዛዘን ዘግቶት ሳይከፍተው ልኮታል፤ ስትጠይቀውም «ረስቼው ነው» አለ። ለአርባዎቹ መንገደኞች የታየው፣ ወይዘሮ ዘኪያ «ብርሃኑ ያዘኝ» ብለው ያደነቁት፣ በግድግዳው ላይ የተሰቀለውም ሥዕል ጥላም ጨረርም የለበትም። ሦስቱም በየቀኑ አይተውታል፤ አንዳቸውም አላስተዋሉም፤ ዓይናቸው ሴትዮዋ ላይ ነበር።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ። ሴትዮዋን የሣላት ነጂብ ነው፤ ወደ እሷ የመራችን ሐምዲያ ናት፤ ቀለሙን የቀነሰውም ብርሃኑን የዘጋውም ረሻድ ነው። በነሐሱ ላይ መኖር የሚገባው የማን ስም ነው?