ልብስ የጠየቀች መሬት

ተረት ተረት፤ የጎመን መሬት!

አንዲት የጓሮ መሬት ነበረች። ጎመን በተተከለባት ቁጥር ሙጃ ይወርሳታል። መኮትኮቻ በየማለዳው ላብ እስኪያጠምቀው ይነቅላል፤ ሳምንት ሳይሞላ ሙጃው እጥፍ ሆኖ ይመጣል።

አንድ ቀን መሬት መረራትና «ነቅለህ ነቅለህ እርቃኔን ታስቀረኛለህ፤ እርቃኔን ያየ ሙጃ ሁሉ ይሰፍርብኛል። ይልቅ ልብስ ፈልግልኝ» አለችው።

መኮትኮቻ ተቆጣ። «ዕድሜዬን ሙሉ ስነቅል ኖሬ፣ በስተርጅና ልብስ ሰፊ ሁን ትይኛለሽ?»

ይህን የሰማች አተር ግን «እኔ ላልብስሽ» አለችና መሬቷ ላይ ጥቅጥቅ ብላ በቀለች። ማበብ ስትጀምር ታጨደች፤ እዚያው እንደ ጋቢ ተነጠፈች። ጎመንም በመሃሏ ተተከለ። ፈሪ ነውና «ሙጃ ቢመጣስ?» እያለ ይንቀጠቀጣል።

ዝናብ ሲጥል ሙጃ ከሥር ነቃ። ቀና ቢል ድቅድቅ ጨለማ ነው።

«እመት አተር፣ ነጋ እንዴ?»

«ገና ነው፤ ተኛ» አለችው።

ተመልሶ ተኛ። ጎመን እፎይ ብሎ ቅጠሉን ዘረጋ። መኮትኮቻም ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ፣ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ ረፋድ አንኮራፋ።

ተረቴን መልሱ፤ መሬቴን አልብሱ።