አህያ ከማን ጀርባ ቆመ

አንድ ጊዜ፣ በበረሃው ዳር ያለችውን ብቸኛ ምንጭ ሲጠብቅ የኖረው አንበሳ አረጀና፣ አራዊቱ በምትኩ ሌላ ጠባቂ ሊመርጡ ተነሡ። የቀረቡት ጎሽና አያ ጅቦ ነበሩ። ጎሽ ፍርዱ ቀጥ ያለ፣ አፉ ግን ሻካራ ነው። አህያንም በሁሉ ፊት፣ «ውሃውን አታደፍርስ! ከኋላህ የሚጠጣ አለ» ብሎ ገሥጾታል። አህያ ጥፋቱን ያውቃል፤ ቂሙን ግን አልተወም።

በምርጫው ዋዜማ እመት ቀበሮ ወደ እሱ ብቅ አለች።

«አያ አህያ፣ ጅቦ አንተን አመስግኖ አይጠግብም እኮ!»

«እኔን? ምን ብሎ?»

«‹እንደ እሱ ያለ ድምፅ በአገር የለም፤ ከተመረጥኩ አዋጅ ነጋሪዬ እሱ ነው› ይላል።»

አህያ ጩኸቱን ያመሰገነለት ኖሮት አያውቅም። ጆሮዎቹ ቀጥ አሉ።

«ግን እኮ... ጅብ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

«ያ የድሮው ነው! አሁን ሣር ለምዷል።»

አህያ አላመናትም። ማመን ግን ፈለገ።

በማግስቱ አንበሳ፣ «ሁላችሁም ከምትመርጡት ጀርባ ቁሙ» አለ። ቀበሮ ያባበለቻቸው ከጅብ ኋላ ተሰለፉ። ክረምት ከበጋ ከአህያ ጋር የምትግጠው በግ ደግሞ ግልገሏን አስከትላ ከጎሽ ኋላ ቆመች። ሰልፉ እኩል ሆነ፤ የቀረው አህያ ብቻ ነው።

«ና እንጂ ወንድሜ» አለችው በግ።

አህያ መሬት መሬት እያየ ሄዶ ከጅብ ጀርባ ቆመ።

ጅብ በተሾመ ማግስት፣ ውሃ ልትጠጣ የወረደችውን ግልገል በላት። አራዊቱ ሲያፋጥጡት ግራ ገባው።

«ጠብቅ አላችሁኝ፤ ጠብቄ ጠብቄ ስትመጣ በላኋት! ምን አጠፋሁ?»

ጎሽ ማንም ሳይሾመው በቀንዱ አባረረው። ቀበሮም ቀድማ ተሰውራለች። በግ ግን ወደ አህያ መጣች።

«ጅብን አታውቀውም ነበር?»

«አውቀዋለሁ።»

«ጎሽስ በድሎህ ነበር?»

«አልበደለኝም።»

«ታዲያ ለምን?»

«ድምፅህ ያምራል ተባልኩ» ሊል አፉን ከፈተ። ፊቷን ሲያይ ግን አንገቱን ደፋ። በግ ብቻዋን ወደ መስኩ ወረደች። አህያም ከዓይኑ እስክትርቅ ድረስ አንገቱን ቀና ማድረግ አልቻለም።

ከዚህ የምንማረው፣ ማንን እንምረጥ ከማለታችን በፊት፣ የሚያስመርጠን እውነቱ ወይስ የገዛ ልባችን ቂምና ውዳሴ ወዳድነት መሆኑን መመርመር እንዳለብን ነው።