ከግንብ የማይወጡት ሲስተሮች

ሦስት የካቶሊክ ሲስተሮች ከከተማው ዳር በአንዲት ቆርቆሮ ቤት የመሠረቱት የጸሎት ገዳም፣ በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ሃያ ሁለት ሲስተሮች የሚኖሩበት ግንብ ሆነ። ሲስተሮቹ አንዴ ከገቡ አይወጡም። የሚያስጸልይ ሰው ልመናውን በወረቀት ጽፎ ለበረኛዋ ይሰጣል፤ እሷም ግድግዳው ላይ በተገጠመች፣ ከውጭ ወደ ውስጥ በምትዞር ሣጥን ወደ ውስጥ ታሳልፍለታለች።

አንድ ቀን አዲሱ ከንቲባ አቶ ኤርጃቦ አጃቢዎቻቸውን አስከትለው መጡ።

«ስሚ!» አሏት በረኛዋን። «ትምህርት ቤት የላቸው፣ ክሊኒክ የላቸው። በር ዘግቶ መጸለይ ምን የሚሉት ሥራ ነው? ከዚህ ግቢ የወጣ አንድ የሚታይ ነገር አሳዪኝና ቦታውን እተውላቸዋለሁ። ካጣሽ ግን ግንቡ ይፈርሳል!»

አጃቢዎቹ ሳቁ። በረኛዋ ከንቲባውን ከእግር እስከ ራሳቸው አየቻቸውና ፈገግ አለች።

«እርስዎ ራስዎ አሉ አይደል፣ ጌታዬ! አምና ኮፍያዎን ዝቅ አድርገው መጥተው፣ ‹ከንቲባ እንድሆን ጸልዩልኝ› የሚል ወረቀት የሰጡኝን ረሱት? ሲስተሮቹ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ተንበርክከው ጸለዩልዎ። አሁን ሥራቸው ከንቱ ነው ካሉ ግድ የለም፤ ‹ጸሎቱን መልሱ ብለዋል› ብዬ ወረቀት ላስገባላቸው?»