ፉጨት ያላቀበለው ሽኮኮ

ተረት ተረት፤ የሰማ ላልሰማ ያሰማ።

በአንድ ገደል የሚኖሩ ሽኮኮዎች አለቃም ዘበኛም አልነበራቸውም። ነብር ያየ ያፏጫል፤ ፉጨቱን የሰማ ደግሞ ለጎረቤቱ አፏጭቶ ዋሻው ይገባል።

መሃል ላይ የሚኖረው ሽኮኮ ግን ጥላውን የማያምን ተጠራጣሪ ነበር። አንድ ረፋድ ከግራ ፉጨት ሲሰማ ድምፁን አጥፍቶ ዋሻው ገባ።

«ለቀኝ ጎረቤታችን አታፏጭለትም እንዴ?» አለችው ሚስቱ።

«ምን አውቃለሁ? ያለሁበትን ለማወቅ ነብሩ ራሱ አፏጭቶ ቢሆንስ!»

ነብሩ በደጃቸው አልፎ ፀሐይ ሲሞቅ የነበረውን የቀኙን ጎረቤት በላ።

በማግስቱ ተጠራጣሪው ብቅ አለና ወደ ግራ አዳመጠ፤ ወደ ቀኝም አዳመጠ። ጭጭ ነው።

«ዛሬስ ሰላም ነው፤ ከቀኝም የሚያፏጭ የለም» ብሎ ደጁ ላይ ተጋደመ።

ነብሩ የመጣው በቀኝ በኩል ነበር።