ከወይዘሮ ደብሪቱ ተረከዝ አልወጣ ያለው እሾክ

እስቲ ቀረብ በሉና ስሙኝ። ወይዘሮ ደብሪቱ የሚባሉ የወልድያ ሴት ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ባሕር አይተው አያውቁም። ልጃቸው ትርንጎ ዓረብ አገር ሠርታ ስትመለስ፣ "እማዬ፣ ባሕር ሳላሳይሽ አላርፍም" ብላ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ወዳለች አንዲት ትንሽ ደሴት ወሰደቻቸው።

ጠዋት ደረሱ፤ መንደሩን እየዞሩ ፎቶ አነሱ። ቀትር ላይ ግን ባሕሩ ሸሸ። ውሃው ወደ ኋላ ሄደና ሀሚስ የሚባለው ባለጀልባ ይዟቸው የመጣባት ጀልባ ማዶ አሸዋ ላይ ቁጭ አለች። ሀሚስ "ጫማችሁን አታውልቁ" ብሎ ነበር። ወይዘሮ ደብሪቱ ግን "ባሕሩን በእግሬ ልንካው እንጂ" አሉ። አወለቁ፣ ገቡ፣ ብዙም ሳይራመዱ "ወይኔ እግሬን!" ብለው ጮኹ።

የባሕር ጃርት ነው የወጋቸው። ክብ፣ ጥቁር፣ እሾኩን አቁሞ ድንጋይ ሥር የሚደበቅ ፍጥረት። እሾኩ ተረከዛቸው ውስጥ ተሰብሮ ቀረ።

ትርንጎ ክው አለች። እናቷ ስኳር አለባቸው። አባቷንም የቀማት ይኸው ስኳር ነው፤ እሱም የጀመረው ከትንሽ የእግር ቁስል ነበር። በወረንጦ ሞከረች። እሾኩ እንደ ከሰል እየተፈረካከሰ አልወጣ አለ።

"ተይው፣ ይብሳል" አላት ሀሚስ በዓረብኛ፤ የደሴቲቱ ሰዎች ዓረብኛ ይሰማሉ። "ጥሬ ፓፓያ ሲጫር የሚያንጠባጥበው ወተት ነው የሚያላላው። ሐኪም ያለው ትልቁ ደሴት ላይ ነው፤ ውሃው ሳይመለስ ደግሞ ጀልባዋ ንቅንቅ አትልም። ቢ ዙሌካ ግቢ ፓፓያ አለ። ሩጪ!" ይህን ብሎ የእናቲቱን እግር ለብ ባለ ውሃ ነከረ። እሳቸውም ክንዱን ጨምድደው ያዙት።

ትርንጎ ለመዋኘት በለበሰችው የዋና ልብስ፣ ስልኳን እንደጨበጠች በረረች። ቢ ዙሌካ፣ "ቢ" ማለት በእነሱ ወግ እንደኛ "እትዬ" ነው፣ በራቸውን ገርበብ አድርገው አዩዋት።

"እናቴ፣ ይርዱኝ! እሾኩ ያለ ወተት አልወጣም አለ። ትንሽ የፓፓያ ወተት!"

"ልጄ፣ ይሄ መንደር ነው እንጂ ባሕር ዳር አይደለም። አማቾቼ ግቢ ውስጥ ተቀምጠዋል። ገላሽን ሸፍነሽ ነይ፤ ያኔ እሰጥሻለሁ።" በሩም ተዘጋ።

ነጠላዋ የት ነው? ቦርሳዋ ውስጥ። ቦርሳዋስ? ጀልባዋ ላይ። ወደ ሀሚስ ተመለሰች። የእናቷ ፊት አመድ መስሏል።

"ሀሚስ! እሾኩ ያለ ወተት አልወጣም አለ፣ ቢ ዙሌካ ያለ ነጠላ አላስገባም አሉ። ነጠላዬን ከጀልባዋ አምጣልኝ!"

ሀሚስ የተያዘ ክንዱን አሳያት።

"እማዬ፣ ልቀቂው እንጂ!"

"አንቺም ሄደሽ፣ እሱም ሄዶ፣ እኔ ከማን ጋር ልሁን?" አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ። አለቀቁም።

"ራስሽ ሂጂ" አላት ሀሚስ። "ግን በዚህ ክፍት ሰንደል ጫማ አትሄጂም፤ አንቺም ተወግተሽ ሁለታችሁንም ልሸከም ነው? ማቻኖ ሱቅ ድፍን የላስቲክ ጫማ አለ።"

ሮጠች። ማቻኖ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ነበር።

"ወንድሜ! እሾኩ ያለ ወተት አልወጣም አለ፣ ቢ ዙሌካ ያለ ነጠላ አላስገባም አሉ፣ ሀሚስ ያለ ጫማ አትሄጂም አለ። በናትህ ጫማ ሽጥልኝ!"

ማቻኖ ትክ ብሎ አያት። "ጠዋት ሚስቴን ሰሌን ስትሠራ ፎቶ ያነሳሻት አንቺ አይደለሽም? ሳትጠይቂ፣ ሳታስፈቅጂ? እሷ እንዳኮረፈች ነው፤ እኔም ምሳ አልበላሁም። መጀመሪያ ሄደሽ ታረቂያት። ያለዚያ አልሸጥም።"

የማቻኖ ሚስት ምዋጁማ ጓሮ በረንዳ ላይ ናት። ሰሌኗን ትሠራለች። ትርንጎ ገና ሳትደርስ ጀመረች፤ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

"እህቴ! እሾኩ ያለ ወተት አልወጣም አለ፣ ቢ ዙሌካ ያለ ነጠላ አላስገባም አሉ፣ ሀሚስ ያለ ጫማ አትሄጂም አለ፣ ባልሽ ያለ ዕርቅ አልሸጥም አለ። ይቅር በይኝ፣ ቶሎ ይቅር በይኝ!"

ምዋጁማ ቀና አላለችም። "ጠዋት በዚህ በር አለፍሽ። አሁንም መጣሽ። አንድ ጊዜ እንኳ እንደምን ነሽ አላልሽኝም።"

ትርንጎ ወደ ባሕሩ ዞረች። ውሃው ገና ሩቅ ነው። የአባቷ አልጋ ዓይኗ ላይ መጣ፤ በስተመጨረሻ እግሩ ተቆርጦ ብርድ ልብሱ በአንድ በኩል ባዶውን ተኝቶ ነበር። እግሯ ሩጪ ይላታል፣ ልቧ ጩኺ ይላታል። ወዴት ትሩጥ? በማን ላይ ትጩህ? መሬቱ ላይ ቁጭ አለች። ስልኳን ከፍታ ፎቶውን ምዋጁማ እያየች አጠፋችው።

"እንደምን ዋልሽ፣ እህቴ?" አለች። "ልጆችሽ ደህና ናቸው? ቤተሰቡ ሁሉ ሰላም ነው?"

"ሰላም ነው" አለች ምዋጁማ። እጇ ሰሌኑ ላይ ቆመ። "የአንቺስ እናት? ጠዋት አብረሻቸው ነበርሽ።"

ይሄኔ ትርንጎ ተንሰቀሰቀች። "እናቴን እሾክ ወጋት። ስኳር አለባት። አባቴን በዚሁ ነው ያጣሁት። ወተት ስል ነጠላ፣ ነጠላ ስል ጫማ፣ ጫማ ስል..."

"ቆይ፣ ቆይ" ምዋጁማ ሰሌኑን ጣለችው። "ይሄ ሁሉ ሩጫ ለነጠላ ነው? ታዲያ እኔ ለምን አለሁ? ቤቴ ሙሉ ጨርቅ አይደለም?" ብድግ ብላ ገመድ ላይ የተሰጣ ባለአበባ ጨርቅ ሳበች። "ጫማውም ይቅር፣ ጀልባዋም ባለችበት ትቀመጥ! ነይ!"

ተያይዘው ሮጡ። ምዋጁማ ጨርቁን አለበሰቻት፣ ጨርቁ ትከሻዋን ሸፈነ፣ ቢ ዙሌካ ትከሻዋን አይተው በሩን ከፈቱ፣ በሩ ሲከፈት ቢላው ፓፓያውን ጫረ፣ ፓፓያው ወተቱን አንጠባጠበ፣ ወተቱ ተረከዙን አላላ፣ ተረከዙም እሾኩን አንድ በአንድ ተፋ። ቢ ዙሌካ ራሳቸው ነበሩ መጥተው ጎንበስ ብለው የለቀሙት።

ትርንጎ ግን አላመነችም። "ውስጥ የቀረ ቢኖርስ?" እያለች ተረከዙን ታገላብጣለች። ውሃው ሲመለስ ሀሚስ እናቲቱን አቅፎ ጀልባዋ ላይ አወጣቸው። ወይዘሮ ደብሪቱ በመንገድ ላይ ጣታቸውን ባሕሩ ውስጥ ነክረው ቀመሱና "እውነትም ጨው ነው" አሉ። ልጃቸው አልሳቀችም፤ የቀሚሳቸውን ጫፍ እንደጨበጠች ትልቁ ደሴት ደረሱ።

ሐኪሙ የእናቲቱን እግር በመብራት አየ፣ ጠረገ፣ እንደገና አየ።

"የቀረ የለም። ንጹሕ ነው። መድኃኒቱን ይውሰዱ፤ ቁስሉን በየቀኑ ይዩት" አለ።

ያን ጊዜ ትርንጎ ወለሉ ላይ ዘፍ አለችና ፊቷን እናቷ ጉልበት ውስጥ ቀበረች። ወይዘሮ ደብሪቱ አሸዋ የሞላውን ፀጉሯን በጣታቸው እያበጠሩ፣

"አለሁ፣ ልጄ" አሏት። "አለሁ።"

እኔም ተናግሬ ጨረስኩ፤ እናንተም ሰምታችኋልና በሰላም እግራችሁን ዘርጉ።