የላቀው ጥላና የብርቄ መጥረጊያ

እንዲህ ሆነ አሉ፤ ከጨመርኩበት እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ላቀው የሚባል ሸማኔ ነበር። ናዳ ወርዶ የደጁን ዋንዛ ከነአፈሩ ጠራርጎ ወሰደበት። የቀረው ራቁት ድንጋይ ነው። ፀሐይ ላይ ሲሸምን የድሩ ንጣት ዓይኑን ያጭበረብረዋል፤ ክር ሲበጠስ አያይም። ዳስ ቢጥል ነፋስ ያፈርስበታል፤ ሰባት ዓመት እንዲህ ኖረ።

"አምላኬ፣ ብዙ አልለምንህም፤ ዓይኔ ሳይጠፋ አንድ የዛፍ ጥላ ስጠኝ" አለና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዋንዛ ሄደ።

"አያ ዋንዛ፣ ዘርህን ላክልኝ።"

"ልጄ ቅጠለ ሰፊ ነው፤ ድንጋይ ላይ በአንድ ቀን ይጠወልጋል። ክትክታ የሚባለው ቁጥቋጦ ቀድሞ ይከልልልኝ።"

ክትክታ የለም፣ ዋንዛ የለም፣ ጥላም የለም!

ወደ ክትክታ ሄደ። "ና ዋንዛን ከልል፣ ዋንዛ ጥላ ይስጠኝ።"

"እኔ ቅጠሌ ቀጭን ነው፣ ፀሐይ አልፈራም። ግን በምን ልቁም? ሰርዶ ቀድሞ በሥሩ አፈሩን ይስፋልኝ።"

ሰርዶ የለም፣ ክትክታ የለም፣ ዋንዛ የለም፣ ጥላም የለም!

ወደ ሰርዶ ሄደ። "አፈር ስፋ፣ ክትክታ ይቁም፣ ዋንዛን ይከልል፣ ዋንዛ ጥላ ይስጠኝ።"

"መሮጥ እችላለሁ፣ ቢረግጡኝም አልሞትም። ግን ድንጋይ በምን ጥርሴ ልብላ? የድንጋይ ሽበት ቀድሞ ያለስልሰው።"

ሽበት ማለት ያ ድንጋይ ላይ እንደ ቅርፊት የሚለጠፈው ግራጫ፣ ሻጋታ መሳይ ነገር ነው። ላቀው ተንበርክኮ ለመነው። "ድንጋይ አለስልስ፣ ሰርዶ አፈር ይስፋ፣ ክትክታ ይቁም፣ ዋንዛን ይከልል፣ ዋንዛ ጥላ ይስጠኝ።"

"እኔማ አፈር አልፈልግ፣ ጤዛ ይበቃኛል! ግን ገና ስለጠፍ የቤትህ መጥረጊያ ጠዋት ጠዋት ይፍቀኛል።"

ላቀው መጥረጊያውን ተቆጣ።

"እኔ እጅ አለኝ?" አለ መጥረጊያው። "የያዘችኝን ጠይቃት።"

የያዘችው ሚስቱ ብርቄ ናት።

"አንቺ ሴት! መጥረጊያው ሽበት ፋቀ፤ ሽበት የለም፣ ሰርዶ የለም፣ ክትክታ የለም፣ ዋንዛ የለም፣ ጥላም የለም!"

"ውይ በሞትኩት! ዋንዛው ሲመጣ ንጹሕ ደጅ ያግኝ ብዬ እኮ ነው። እንግዳ የሚጠበቅበት ደጅ ቆሽሾ ይደር?"

"እንግዶቹን እኮ ነው የጠረግሽው!"

"ሰባት ዓመት ሙሉ?"

"ሰባት ዓመት ሙሉ።"

ብርቄ እስክትቀመጥ ሳቀች። መጥረጊያውን ሰቀለችው።

እግዚአብሔር አይቸኩልም፣ አይረሳምም። መጥረጊያው ተሰቀለ፣ ሽበቱ ተለጠፈ፣ ድንጋዩ ለሰለሰ፣ ሰርዶው አፈር ሰፋ፣ ክትክታው ቆመ፣ ወፍ የዋንዛ ፍሬ ጣለች፣ ዋንዛው ዘረጋ፣ ጥላው ወረደ! ላቀው እጥላው ገብቶ ክሩን አየ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ሁሉንም አየ። የመጀመሪያውን ነጠላ ለብርቄ ሸመነላት።

አንዲት የዋንዛ ቅጠል ድሩ ላይ ወደቀች። ብርቄ ብድግ አለች።

"ብርቄ!"

"ኧረ በእጄ ላነሳት ነው!"

"ተያት፤ እሷም እንግዳ ናት።"

እኛንም ጥላ አያሳጣን፤ አሜን።