ተቀምጦ የማሠራት ጥበብ

በአንድ የሶፍትዌር ድርጅት ውስጥ ስንዱ የምትባል ምላሷ የሰላ ባለሙያ ነበረች። ፕሮግራሞችን ኮንቴይነር በሚባለው ጥቅል ማሸግና በኔትወርክ በትክክል መነጋገራቸውን መፈተሽ የእሷ ሥራ ነበር። አንዱን ነገር በየቀኑ በእጅ መደጋገሙ ሲሰለቻት፣ ብዙ ለፍታ ሁሉም በራሱ እንዲከናወን አደረገችው።

አዲሱ ሥራ አስኪያጅ አቶ ድልነሳሁ ሥራ በጀመሩበት ቀን ቢሮውን ሲዞሩ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣ አገኟት።

ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ፣ "አንቺ ተቀምጠሽ ሥራው በራሱ ይሠራል! ታዲያ አንቺን ለምን እናቆይሽ?" ብለው አፈጠጡባት።

ስንዱ ልትባረር እንደሆነ ገባት። ብድግ ብላ እጅ ነሣች።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ ጌታዬ፤ ተቀምጬ ሥራው እንዲሠራልኝ ለማድረግ እኔ ስድስት ወር ፈጅቶብኛል። እርስዎ ግን በመጡበት ቀን አወቁበት!"

ቢሮው በሳቅ ሲያወካ፣ አቶ ድልነሳሁ ያልጮኸ ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው "ሃሎ፣ ሃሎ" እያሉ ወጡ።